ደቻቱ ላይ የወደቀው መዝጋቢ

ሬሳውን ያገኙት አሸዋ የሚጭኑ ጋሪ ነጂዎች ናቸው። ቅዳሜ መጋቢት ሁለት ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ፀሐይዋ ገና ሳትበረታ፣ ደርቆ በከረመው በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አንድ ረጅም ሰው በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ነጭ ሸሚዝ፣ የተተኮሰ ሱሪ። ጭንቅላቱ ከኋላ ተመትቷል። መነጽሩ ግን አልተሰበረም፤ አንድ ሰው አጣጥፎ ከደረት ኪሱ ከትቶለታል።

መቶ አለቃ ኃይለጊዮርጊስ ቁርስ እንኳ ሳይቀምስ ነበር የመጣው። አመሉ ነው፤ ነገር ሲገጥመው እህል አይወርድለትም። ቆቡንም ረስቷል፤ በድሬዳዋ ፀሐይ ራሱን አጋልጦ መቆም ምን ዓይነት ጀብድ እንደሆነ እሱ ያውቃል። አሸዋው ላይ ተንበርክኮ የሟቹን መነጽር አወጣና ወደ ብርሃን ያዘው።

«ገድሎ ሲያበቃ መነጽር የሚያጣጥፍ ገዳይ አይተህ ታውቃለህ?»

«እኔ ሚስቴ ስትቆጣኝ ያየሁት ሁሉ በቅቶኛል» አለ ረዳቱ ሃምሳ አለቃ ሣህሉ፣ የሟቹን ኪስ እየፈተሸ። «የኪስ ቦርሳው እንዳለ ነው። ሰዓቱም እጁ ላይ ነው። የሆቴል ቁልፍ ይኸው፤ የከዚራ ሠፈሩ የወይዘሮ ሰርካዲስ ሆቴል ነው። መታወቂያው ደግሞ ሞሐሙድ ካሂን ይላል፤ የጅቡቲ ሰው።»

«ጫማውንም አውልቅለት።»

ከግራ እግሩ ካልሲ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ፣ በፈረንሳይኛ በእጅ የተጻፈና ማኅተም ያለበት ወረቀት ወጣ። ሁለቱም ፈረንሳይኛ አያነቡም። ኃይለጊዮርጊስ ግን ማኅተሙ የጅቡቲ መሆኑን ለየና ወረቀቱን በጥንቃቄ ኪሱ ከተተ።

ያን ሰሞን በድሬዳዋ ያልተጨነቀ አልነበረም። በሳምንቱ፣ እሑድ መጋቢት አሥር፣ ጅቡቲ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ አለ፤ ሕዝቡ ከፈረንሳይ ጋር ልቆይ ወይስ ልለይ ብሎ ድምፅ ይሰጣል። ምርጫው የሌላ አገር ነው፤ ጭንቀቱ ግን የድሬ ነበር። ባቡሩ የሚሄደው እዚያ፣ ጨውና ጨርቁ የሚመጣው ከዚያ። የሞቃዲሾ ሬዲዮ አንድ ነገር ይላል፣ የአዲስ አበባው ሌላ። ከሁርሶ የጦር ማሠልጠኛ ወታደር የጫኑ ካሚዮኖች ወደ ድንበር ሲወርዱ የየቤቱ እናት በር ላይ ወጥታ ትቆጥር ነበር። ሰው ሁሉ የሚከራከረው ደግሞ ማን ምን ይመርጣል በሚለው አልነበረም፤ ማን መዝገብ ውስጥ ገባ፣ ማን ተፋቀ በሚለው ነበር።

ሞሐሙድ ካሂን ያን መዝገብ የያዘው ሰው ነበር።

*

«ረቡዕ ነው የመጣው» አሉ ወይዘሮ ሰርካዲስ፣ የሆቴላቸውን የእንግዳ መዝገብ እያገላበጡ። ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ባላቸው የምድር ባቡር ሰው ስለነበሩ ፈረንሳይኛውን ከሳቸው ጋር ኖረውበታል። «እዚህ ድሬ የሚኖሩ የጅቡቲ ተወላጆችን ወረቀት እያየ፣ መምረጥ የሚችለውን ይጽፋል፣ የማይችለውን ይፍቃል። ግቢዬ ገበያ ሆኖልህ ነበር። ቁርስ በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

«ዋሽተሃል። ከንፈርህ ደርቋል፤ ይህን ሻይ ጠጣ።»

ጠጣ። «ከሰው ጋር ተጣልቶ ነበር?»

ሴትዮዋ የጠረጴዛውን ልብስ አስተካከሉ። «ኋላ ከሌላ ከምትሰማው እኔው ልንገርህ። ሐሙስ ዕለት የሳሕራ ልጅ ወርሳሜ፣ የባቡሩ ፍሬን ሠራተኛ፣ እዚሁ በረንዳ ላይ ጮኸበት። ስሙን ፍቆት ነበር። ‹ስሜን ስትፍቅ እኔን ገደልክ!› አለው። ግን ዓርብ ተመልሶ ማመልከቻ ሰጠውና በሰላም ተለያዩ። እንዲያውም ሞሐሙድ ዓርብ ምሳ ላይ ወረቀቶቹን ደርድሮ ብቻውን ይስቅ ነበር። ምን ያስቅሃል ስለው ‹ወይዘሮ ሰርካዲስ፣ ሰው ከዓመት ላይ ቀን መጨመር ይችላል?› አለኝ። ፀሐይ የመታው መስሎኝ ደንግጬ ውሃ ሰጠሁት። አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ቦርሳውን ይዞ ወጣ፤ አልተመለሰም።»

ክፍሉ ውስጥ ቦርሳውም የመራጮች መዝገቡም አልነበሩም። ትራሱ ሥር አንዲት ወረቀት ብቻ ተገኘች፤ ከግርጌዋ የወርሳሜ ዓደን የጣት አሻራ ያለባት ማመልከቻ።

*

ፖሊስ የፈረንጅ ወረቀት ሲገጥመው የሚወስደው ወደ አቶ ወልደማርያም ነው። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከኒሙ ዛፍ ጀርባ ጠባብ ክፍል አላቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የድሬን ሰው አቤቱታ በአማርኛም በፈረንሳይኛም ሲጽፉ የኖሩ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሽማግሌ ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ቀለምና ከባድ የወረቀት መጫኛ ብረት ተቀምጧል።

«እስቲ አምጣው ልጄ» አሉና መነጽራቸውን አደረጉ። መጀመሪያ ከካልሲው የተገኘውን አነበቡ። «‹ይህ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ጅቡቲ ከተማ መኖሩን አረጋግጣለሁ› ይላል። የሠፈር ሹም የሰጠው የመኖሪያ ምስክር ነው። ቀኑ የካቲት ሠላሳ። ደህና ወረቀት ነው፤ ምንም የለበትም።»

«ይህኛውስ?»

ማመልከቻውን ረዘም አድርገው አዩት። ወደ ብርሃኑ አዞሩት፤ ኃይለጊዮርጊስ ዓይናቸው ደክሟል ብሎ አዘነላቸው።

«ይህ እንኳ ጥሩ አይደለም። ‹ስሜን ባትመልስ ወዮልህ፤ ከዚህ ከተማ በእግርህ አትወጣም› ይላል።»

«እንዲህ ብሎ አሻራውን አትሞ ይሰጣል?»

«ወጣት አይደል? ደም ሲፈላ...» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ በጥንቃቄ አጣጥፈው ከደረት ኪሳቸው ከተቱ። «ልጄ ክፍሌም እንዲሁ ችኩል ነው። ሁርሶ ነው ያለው። በቀደም ሊወርዱ ነው ብሎ ላከብኝ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»

ኃይለጊዮርጊስ አመስግኖ ወጣ። መንገዱ አጋማሽ ላይ አንድ ነገር ወደኋላ ጎተተው፤ ምን እንደሆነ ግን ሊይዘው አልቻለም። ሣህሉ ቀድሞት ሄዶ ወርሳሜን ከባቡር ጣቢያው ይዞት ነበር።

*

ወርሳሜ ሃያ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው። እጁ የፍሬን ብረት ያደነደነው፣ ዓይኑ ግን ገና የልጅ ነው።

«ዓርብ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

«መጋላ ሠፈር።»

«ከማን ጋር?»

ወርሳሜ እጆቹን ብብቱ ሥር ደበቀ።

«አንተ ልጅ፣ ሰው ሞቷል። ከማን ጋር ነበርክ?»

«ወላሂ አልገደልኩም። ሌላ አትጠይቀኝ አቦ።»

በሩ ተከፈተ፤ የጣቢያው አዛዥ ሻለቃ አለምብርሃን ገቡ። የማመልከቻውን ትርጉም አንብበው ጨርሰዋል።

«በቃ፣ አለቀ» አሉ። «ሰኞ ረፋድ ላይ ከሐረር የጦር ካሚዮን ይመጣል። እሱን ይወስዱታል፤ መጋላንም ቤት ለቤት ይፈትሹታል።»

«ጌታዬ፣ ሶማሌው የበዛበት መጋላ ከተፈተሸ እኮ የሞቃዲሾ ሬዲዮ በማግሥቱ...»

«ካልተፈተሸስ? መዝጋቢያቸው እኛ ከተማ ተገደለ። ጅቡቲ ያሉት ገዳዩን አምጡ ይላሉ፤ ሞቃዲሾ ያሉት ደግሞ ድምፁን ልታበላሹ ገደላችሁት ይሉናል። ገዳይ ያስፈልገኛል፤ ይኸው አለኝ። ሌላ ካለህ እስከ ሰኞ አምጣ።»

ወርሳሜ አማርኛውን በደንብ ይሰማል። ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ቁጢጥ አለ።

*

እሑድ ጧት ኃይለጊዮርጊስ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ የወርሳሜ እናት ሳሕራ በሩ ላይ ቆማ አገኘችው። ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ምላሷ የማይፈራ ሴት ናት። ዛሬ ግን ሻሿ እንኳ በወጉ አልታሠረም።

«አንተ ነህ ልጄን ያሠርከው?»

«እኔ ነኝ እናቴ።»

«እናቴ አትበለኝ! እናትህ ብሆን ኖሮ በጥፊ ነበር የማጮልህ!» አለችና ወዲያው ድምጿ ተሰበረ። «አልነገረህም አይደል፣ የት እንደነበር? አይነግርህም። ሬዲዮ ሲሰሙ ነበር። የሞቃዲሾን። ሃያ ሰው አንድ ግቢ። ከተናገረ ሃያውም ይታሠራል። እሱ ደግሞ... ‹እናቴ ሆዮ፣ እኔ ብቻዬን ይሻላል› ብሎ ላከብኝ። ብቻውን! ለኔ ከሱ ሌላ ማን አለኝ?»

«ከሃያው አንድ እንኳ መጥቶ አይመሰክርም?»

«አንተ ትመጣለህ? ነገ ካሚዮን ይመጣል እየተባለ?»

ሬዲዮ መስማት ለወርሳሜ ከመግደል ያነሰ ወንጀል አልሆነለትም፤ ይህ ራሱ የከተማዋን ነገር ይናገራል። ኃይለጊዮርጊስ ሳሕራን በጋሪ አሳፍሮ ወደ ቤቷ ሰደዳትና እግሩ ወደመራው ሄደ። ከዚራን ሁለት ጊዜ ዞረ። ቢቀመጥ ያቃጥለዋል፣ ቢቆም ያቃጥለዋል። መጨረሻ ላይ ራሱን የወይዘሮ ሰርካዲስ በረንዳ ላይ አገኘው።

«ሰው መልክህን አይቶ ለቅሶ የመጣህ ይመስለዋል» አሉት። «ተቀመጥ። ምሳ...»

«ምሳውን ይተዉልኝ። ሞሐሙድ ዓርብ ይስቅባቸው የነበሩት ወረቀቶች ይህን ይመስላሉ?» ከካልሲው የተገኘውን ዘረጋላቸው።

ሴትዮዋ ከብርሃኑ አራቅ አድርገው አነበቡት። ግርጌው ላይ ሲደርሱ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ውይ! ይሄንን ነዋ! ሠላሳ ፌቭሪዬ ይላል!»

«የካቲት ሠላሳ፤ አዎ። ሐሙስ አይደል የዋለው?»

«የኛ የካቲት እኮ ሠላሳ ቀን አለው። የፈረንጁ ፌቭሪዬ ሃያ ስምንት ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ ሃያ ዘጠኝ ቢሆን ነው። ሠላሳ ፌቭሪዬ የሚባል ቀን ከተፈጠረ...» ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። «ከዓመት ላይ ቀን መጨመር... ይህን ነበር የሚለኝ። አፈር ልብላ፣ እኔ ውሃ ሰጠሁት።»

ኃይለጊዮርጊስ ወንበሩን ወደፊት ሳበ። «የጅቡቲ የሠፈር ሹም እንዲህ ብሎ ይጽፋል?»

«የፈረንጅ ትምህርት ቤት ደጅ የረገጠ ሁሉ አይጽፈውም። ይህን የጻፈው በኛ ቀን የሚኖር ሰው ነው፤ ወሩን ብቻ በፈረንጅ ስም ይጠራና ቀኑን እንዳለ ይተወዋል።»

እጁ ወደ ኪሱ ሄደ፤ የወርሳሜን ማመልከቻ አወጣ። «ይሄንንስ ያንብቡልኝ።»

«‹አንደኛ ማርስ› ይላል ቀኑ። እንዴት ያለ ነው? ዓርብ የኛ መጋቢት አንድ እንጂ የፈረንጁ ማርስ አሥር ነበር። ያው ስሕተት ነው። የእጁ ጽሕፈትም ያው ነው፤ ይህን የተቀለበሰ ጭራ ተመልከት።»

«ከላይ ያለውስ? ማስፈራሪያው?»

«የምን ማስፈራሪያ?» ሴትዮዋ ቀና አሉ። «‹ክቡር ሆይ፣ ጅቡቲ ለመወለዴ የአባቴን ወረቀት ነገ ጧት አመጣለሁና ስሜን እንዲመልሱልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ሐሙስ ስለ ጮኽኩብዎ ይቅር ይበሉኝ።› ይኸው ነው። ከጎኑ ሞሐሙድ በእርሳስ ‹ነገ ይመለስ› ብሎ ጽፎበታል።»

ኃይለጊዮርጊስ ተነሣ። ሻዩ ተደፋ፤ አላየውም።

*

«ማመልከቻህን ማን ጻፈልህ?» አለው ወርሳሜን በእስር ቤቱ ፍርግርግ።

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? አቶ ወልደማርያም ናቸዋ። ድሬ ውስጥ ሌላ ማን አለ?»

*

ሰኞ ጧት በአንድ ሰዓት አቶ ወልደማርያም ክፍላቸውን ሲከፍቱ ኃይለጊዮርጊስና ሣህሉ ከኒሙ ሥር ቆመው ነበር።

«ጋሼ፣ ያቺን ማመልከቻ እንደገና ያንብቡልኝ። ለሐረሮቹ በቃል ልነግራቸው ነው።»

ሽማግሌው ተቀበሉ። መነጽር አደረጉ። «‹ስሜን ካልጻፍክ... ሬሳህን አሞራ ይበላዋል› ይላል።»

«ቅዳሜ ‹በእግርህ አትወጣም› ነበር ያሉኝ።»

«ትርጉም እኮ ነው ልጄ፤ በተለያየ መንገድ ይተረጎማል።»

«ይተረጎማል። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ፌቭሪዬ ስንት ቀን ነው?»

«ሠላሳ ነዋ» አሉ ሳያመነቱ። «እንደ ማንኛውም ወር።»

ኃይለጊዮርጊስ በቀስታ ነገራቸው፤ ልክ ለገዛ አባቱ መርዶ እንደሚያረዳ። ሃያ ስምንት እንደሆነ። የምስክር ወረቀቱና ማመልከቻው አንድ እጅ እንደጻፋቸው። ሞሐሙድ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያንን እንዳየና አንዱን ለማስረጃ ካልሲው ውስጥ እንደደበቀ።

አቶ ወልደማርያም ጣታቸውን በቀኑ ላይ አሳለፉ። «ሠላሳ ዓመት ጻፍኩ» አሉ። «ማንም አልነገረኝም።» ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ፣ አጣጠፉ፣ ከደረት ኪሳቸው ከተቱ። ኃይለጊዮርጊስ ቅዳሜ መንገድ ላይ ወደኋላ የጎተተውን ነገር አሁን አየው።

«ስንት ወረቀት ነው የጻፉት?»

«አርባ። ጅቡቲ ኖረው የማያውቁ አርባ ሰዎች። ‹ከፈረንሳይ ጋር እንቆይ› የሚል ድምፅ እንዲሰጡ። ማኅተሙንም እኔው ነኝ የቀረጽኩት። ማንም አላዘዘኝም።»

«ለምን?»

«ልጄ ክፍሌ ድንበር ሊወርድ ነዋ!» ዝቅ ያለው ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «አንተ ልጅ የለህም፣ አታውቀውም። ጅቡቲ ከፈረንሳይ ከተለየች የሞቃዲሾዎቹ እንውሰድ ይላሉ፣ የኛዎቹ አትወስዱም ይላሉ፣ መሐል የሚቆመው የኔ ልጅ ነው። አርባ ድምፅ ምን ያደርጋል ትለኛለህ። በአንድ ድምፅ ቢያልፍስ? እንቅልፍ አጥቼ ዝም ብዬ ልቀመጥ?»

«ሞሐሙድስ?»

«ዓርብ ማታ ሲል መጣ። አልተቆጣም፤ ይስቅ ነበር። ‹አባት፣ ጽሕፈትህ ያምራል፤ ግን ነገ አርባውንም እሰርዛለሁ፣ ለአለቆቼም እነግራለሁ› አለኝ። ለአለቆቹ ከነገረ ኢትዮጵያ ድምፅ ሰረቀች ሊባል ነው፤ ያኔ ደግሞ በኔው ወረቀት ምክንያት ጦሩ... ዞሮ ሊወጣ ሲል ይህን ብረት አነሣሁ።» የወረቀት መጫኛውን በዓይናቸው ብቻ አሳዩ። «ቦርሳውን አቃጠልኩት፤ መዝገቡንም። እሱን በወዳጄ ጋሪ ነው ያወረድኩት። መነጽሩ ወድቆ ነበር። መነጽር ደግሞ...»

አልጨረሱትም። ሣህሉ እጃቸውን ለማሠር ሲቀርብ አዛውንቱ የቀለሙን ጠርሙስ ከደኑ፣ እንዳይደርቅ።

*

«ይህ ከቅዳሜው የባሰ ነው!» አሉ ሻለቃ አለምብርሃን። ውጭ የሐረሩ ካሚዮን ሞተር እየጮኸ ነበር። «አርባውን ወረቀት ከራፖሩ አውጣው። በግል ጠብ ገደለው በል።»

«ታዲያ ጌታዬ፣ ሽማግሌ ከማያውቀው የውጭ አገር ሰው ጋር በምን ተጣላ? ሲጠይቁን ሌላ ውሸት እንፈልጋለን። አርባዎቹ ሰዎች እዚሁ ከተማ ናቸው፤ ዛሬ ባይናገሩ ነገ ይናገራሉ። ያኔ መንግሥት አዝዞ ደበቀ ይባላል። አሁን እኛ ራሳችን ከላክነው ግን የአንድ ፈሪ አባት ሥራ ሆኖ ይቀራል።»

«ባይቀርስ?»

«ባይቀር... አላውቅም ጌታዬ። ሌሊቱን ሙሉ አስቤበታለሁ፤ አላውቅም።»

ሻለቃው መስኮቱ ጋ ቆመው ካሚዮኑን አዩ። ወታደሮቹ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚሆናቸው ልጆች ነበሩ፤ አንዱ ብርቱካን ይልጣል። ሻለቃው ተመልሰው ተቀመጡና እየተነጫነጩ ፈረሙ፤ ለካሚዮኑም ባዶውን እንዲመለስ መልእክት ሰደዱ።

*

ሳሕራ ልጇን በሩ ላይ ስትቀበለው መጀመሪያ ያደረገችው እጁን፣ አንገቱን፣ ጀርባውን መዳበስ ነበር፤ ገበያ ላይ ጨርቅ ቀዳዳ እንዳለው እንደምታይ። ከዚያ ወደ ኃይለጊዮርጊስ ዞረች።

«ሦስት ቀን! አንድ ወረቀት ለማንበብ ሦስት ቀን!»

«ልክ ነሽ» አላት።

«ፊትህ ደግሞ ምን ሆነ? እህል አትበላም እንዴ?»

ወርሳሜ ግን አልተንቀሳቀሰም። እናቱ እጁን ስትስበው እንኳ ደረጃው ላይ ቆሞ ቀረ።

«መቶ አለቃ፣ ባቡሩ ቅዳሜ ነው መራጮቹን የሚወስደው። ሞሐሙድ ነገ ና ብሎኝ ነበር። የአባቴን ወረቀት አግኝቻለሁ፣ ይኸው። አሁን ማን ይጽፈኛል?»

ኃይለጊዮርጊስ ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። ያረጀ፣ እውነተኛ ወረቀት ነበር። አጥፎ መለሰለት። በዚያ ከተማ ያንን ስም መጻፍ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ትናንት በጅቡቲው ባቡር፣ በጣውላ ሣጥን ሆኖ ወደ አገሩ ተመልሷል።